ፍጻሜ ያልነበረው ዋንጫና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ ዓይነት ፍጻሜ አይቷል። በመደበኛው 90 ደቂቃ ያለቀ አለ። በጭማሪ ሰዓት የተወሰነ አለ። በ1966 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛየርና ዛምቢያ 2 ለ 2 ወጥተው ሌላ ቀን እንደገና ተጫውተዋል። በ1974 ዓ.ም. ትሪፖሊ ላይ ጋናና ሊቢያ በፍጹም ቅጣት ምት ተለያይተዋል። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተካሄደው 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ግን የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረውም። ዋንጫው የተሰጠው በነጥብ ድምር ነው።

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ ሻይ እየጠጣን ይህንን ባነሳሁ ቁጥር በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱት አያምኑኝም። ያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የእኛው አገር ሰው እንደነበሩ ስጨምርላቸው ደግሞ ጥቂቶቹ ስማቸውን ይጠሩልኛል፤ ይድነቃቸው ተሰማ። ስማቸውን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ሠርተውት ያለፉት ሥራ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን ብዙም አላገኘሁም። የዋንጫው አባት ናቸው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከአንድ ጥያቄ ጋር ይመስለኛል፤ ማን ከማን ጋር፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ዓይነት ሒሳብ ይጫወታል የሚለውን ደንብ የሚጽፈው ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔ ያደግሁት ጀጎል ውስጥ ነው። የጀጎልን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ትከሻው ግድግዳ የሚነካበት ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ 11 ለ 11 የሚባል ነገር የለም። ሁለት ለሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ለሦስት ነው። ኳሱ የካልሲ ነው። ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ ይሆናል። ጎል የሚለካው በእርምጃ ስለሆነ እርምጃው የማን ይሁን በሚለው ላይ ጠብ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ቀድሞ ሦስት ያገባ ያሸንፋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መግሪብ እስኪደርስ የገባው ሁሉ ይቆጠራል። ጎበዝ የሆነው ልጅ የትኛው እንዲሆን እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኳሱ የማን ነው? ደንቡ የእርሱ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ጎልፍ የሚጫወት አንድ ወዳጅ አለኝ። ጎልፍ ለእኔ የሀብታም ሰው የእግር ጉዞ ይመስለኝ ነበር። እርሱ ሲያስረዳኝ ግን የዚያን ጨዋታ ያህል ስለ ሒሳብ አያያዝ የተጨነቀ ስፖርት እንደሌለ ገባኝ። በአንደኛው መንገድ፣ ስትሮክ ፕሌይ በሚሉት፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ 18ኛው የመታኸው ምት ሁሉ ተደምሮ ትንሽ የመታው ያሸንፋል። በሁለተኛው፣ ማች ፕሌይ በሚሉት፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ራሱን የቻለ ግጥሚያ ነው፤ አንዱን በ10 ምት ብትሸነፈውም የተሸነፍከው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ስቴብልፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ፈጠረ። ለየጉድጓዱ ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ጉድጓድ የከፋበት ሰው እዚያ ላይ ዜሮ አግኝቶ ይቀጥላል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይበላሽበትም። ወዳጄ እንደሚለው ያው ሦስት ሰው፣ ያው ሜዳ ላይ፣ ያንኑ ምት መትቶ፣ በሦስቱ ሒሳብ ሦስት የተለያየ አሸናፊ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው የፒጂኤ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1958 ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መንገድ ተዛውሯል። በእግር ኳስ ቋንቋ ስንተረጉመው አንደኛው የዙር ውድድር ነው፣ ሌላው ጥሎ ማለፍ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በመስከረም 1914 ዓ.ም. ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ ቅኔ አዋቂውና ተጫዋቹ ተሰማ፣ የልጅ ኢያሱ ወዳጅና ሹም። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. መሻራቸው ሲታወጅ የነበሩት እዚሁ ሐረር ነው። ከእርሳቸው ጋር የወዳጆቻቸውም ዕድል ወረደ። ይድነቃቸው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ አባታቸው የነበራቸውን ነገር ከወሬ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም።

አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወሩ ጦርነት የተጀመረበት ወቅት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ኳሱ አልቆመም። የሆነው ነገር ከመቆም የባሰ ነው። የፋሽስቱ አስተዳደር በዘር ሕጉ መሠረት ኢትዮጵያውያንን ለብቻቸው፣ ጣሊያኖችን ለብቻቸው አደረጋቸው። ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ይጫወታል፤ ከነጩ ጋር መግጠም አይፈቀድለትም። የጊዮርጊስ ስም ራሱ ተለውጦ የጣሊያን ስም ተለጠፈበት። አንድ የ16 እና የ17 ዓመት አጥቂ ይህንን ሲያይ ምን ያስባል? በዚያ ዓይነት ውድድር ሻምፒዮን መሆን ይቻላል። ከማን የበለጥክ እንደሆንክ ግን በፍጹም አታውቀውም፤ ደንቡ የተጻፈው እንዳታውቀው ነውና። የኋላ ሥራቸውን ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ዘመን ነው።

ነፃነት ሲመለስ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ የጣሊያን፣ የግሪክና የአርመን ኮሚኒቲዎች ቡድኖች ነበሩ። ጊዮርጊስ ከእነርሱ ጋር ገጠመ፤ አሸነፈም። ይድነቃቸው ለክለቡ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ1947 ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ በሆነው ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ጂቡቲን 5 ለ 0 ስትረታም ከቡድኑ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ዘመን የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን በማቋቋም፣ የጨዋታ ደንቦችን በአማርኛ በማዘጋጀት ሠርተዋል። ግብ የሚያገቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ደንብ ማንበብ አይወዱም። እርሳቸው ሁለቱንም ወደዱ።

ከዚያ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም መጣ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው ኮንፌዴሬሽኑን መሠረቱ፤ የመጀመሪያውንም ዋንጫ ሊጫወቱ ተዘጋጁ። አራት ቡድን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለት የግማሽ ፍጻሜ፣ አንድ ፍጻሜ። ኢትዮጵያ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ እንደማትልክ አስታወቀች። ለይድነቃቸው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ላይ ያዩት ደንብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች፤ እዚያ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ያገባው ኤል ዲባ ነው። በመዝገብ ላይ ሁለተኛ ነን። አንድም ግብ ሳናገባ፣ አንድም ጨዋታ ሳናሸንፍ።

የእኛ ታሪክ በውድድር ደንብ ምን ያህል እንደተጻፈ ለማየት ሦስት ዓመቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። አንዱ ይኸው የ1949ኙ ነው። ሁለተኛው በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አቶ ይድነቃቸው በዚያ ውድድር የቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። ኢትዮጵያ አዘጋጅ በመሆኗ ያለማጣሪያ ግማሽ ፍጻሜ ጀመረች። ቱኒዚያ 2 ለ 0 መርታ ስትሄድ ቆይታ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን ደግሞ ከግብፅ ጋር ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነስተን 2 ለ 2 ሆነ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል፣ አንድ ዋንጫ።

ሦስተኛው በጥር 1960 ዓ.ም. ነው፤ ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ተካሄደ። ቡድኖቹ 8 ደርሰዋል፤ በሁለት ምድብ ተከፍለዋል። ኢትዮጵያ ዩጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸነፈች። ሦስት ጨዋታ ሦስት ድል፤ ዋንጫ ካነሳንበት ዓመት ይበልጣል። በግማሽ ፍጻሜው ግን በጭማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታን። ለደረጃ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ፣ በምድቡ ያሸነፍናት አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 አሸነፈችን። አራተኛ ወጣን። በዚያ ውድድር የጎልፎቹ የድምር ሒሳብ ቢሠራበት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አይከብድም። ለሌሎችም እንዲሁ ነው፤ በኅዳር 1958 ዓ.ም. ቱኒስ ላይ ሴኔጋልና ቱኒዚያ በእኩል 3 ነጥብ ሲያበቁ ፍጻሜ የሚገባው የተለየው በዕጣ ነው። ሴኔጋል በምድቡ ሳትሸነፍ ከፍጻሜው ቀረች።

በዚህ መሐል ትልቁ ሙግት ከፊፋ ጋር ነበር። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ 16 ቦታ አዘጋጅቶ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ አንድ ቦታ ሰጠ። የአፍሪካ አሸናፊ በአፍሪካ ማሸነፉ አይበቃም፤ ከሌሎቹ አህጉራት አሸናፊ ጋር ደግሞ ተጫውቶ ካሸነፈ እንግሊዝ ይሄዳል። አቶ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህንን ተቃወሙ። አፍሪካ ለብቻዋ አንድ ቦታ ይገባታል አሉ። ፊፋ ደንቡን አልለውጥም አለ። የአፍሪካ አገሮች 15 ሆነው ከማጣሪያው ወጡ። ገንዘብ ተቀጡበት፤ አልተመለሱም። በዓለም ዋንጫው ላይ ሰሜን ኮሪያ ሄዳ ጣሊያንን አሸንፋ ዓለምን አስገረመች፤ ከአፍሪካ ማንም አልነበረም።

ይህ እርምጃ ዛሬ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የብዙ ወጣት ተጫዋቾችን ብቸኛ ዕድል መሠዋት ነበር። የመንግሥቱ ወርቁና የጓደኞቹ ጉልበት በዚያው ዓመታት ነበር፤ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሚሆን እድሜያቸው ሳይጠበቅ አለፈ። እኔ በዚህ ላይ አቶ ይድነቃቸው ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ሒሳቡን የከፈሉት በስብሰባ አዳራሽ የተቀመጡት አይደሉም። ውጤቱ መጣ። ለ1970ው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ።

የደቡብ አፍሪካም ጉዳይ ከዚሁ ጋር ይሄድ ነበር። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1961 አገደ፣ በ1963 እገዳውን አነሳ፣ በ1964 መልሶ አገደ። በመሐል የመጣው ሐሳብ አስገራሚ ነው፤ ለ1966ቱ ነጭ ቡድን፣ ለ1970ው ጥቁር ቡድን ይላክ የሚል። ለአንዳንድ የአውሮፓ ሰዎች ይህ ብልህ የውድድር አዘገጃጀት መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ግን በየጉባኤው ሳይታክቱ ተከራከሩት።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ምርጫ ብራዚላዊው ሃቬላንጅ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ሩስን 68 ለ 52 ሲያሸንፍ የአፍሪካ ድምፅ ዋና ምሰሶ ነበር። የዓለም ዋንጫው ቦታ እንዲጨምር የተገባው ቃል እዚያ ላይ ነበር። ድምፅም እንደ ግብ ይቆጠራል፤ በጉባኤ ላይ የማልታ ድምፅ ከእንግሊዝ ድምፅ አያንስም። ይህን ሒሳብ ይድነቃቸው አጣርተው ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ወደ 1968 ዓ.ም. እንምጣ። አገሩ በአብዮት ውስጥ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ገና 6 ወር አልፏል። ውድድሩ የካቲት 21 ተጀመረ። ምድብ አንድ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ዩጋንዳ ናቸው። ምድብ ሁለት ድሬዳዋ ላይ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የዋንጫው ባለቤት ዛየር። ለእኛ ለሐረር ልጆች ይህ የማይታመን ነገር ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ደንገጎን ወርደን የምንደርስበት ቦታ መጣ።

አጎቴ ወሰደኝ። በፔጆ 404፣ ሰባት ሆነን ተጣበን ነበር የሄድነው። የዓለማያ ሐይቅ ያን ጊዜ ሙሉ ነበር፤ ከዚያ ደንገጎ ላይ መኪናው ቁልቁል ሲጠማዘዝ ሙቀቱ ከታች ይመጣብሃል። ያየነው ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ነው። ናይጄሪያ ሁለቱን ጨዋታ አሸንፋ ስለነበር ማለፏ የታወቀ ነው። ሰዉ ስለዚህ ይህ ጨዋታ ምን ዋጋ አለው እያለ ሲከራከር ነበር። አጎቴ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ ያስረዳኝ ነበር። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ያልፋሉ፤ የሚያልፉት አራቱ ግን በግማሽ ፍጻሜ አይጣሉም፤ እርስ በርስ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወታሉ። ለማሸነፍ 2 ነጥብ፣ ለአቻ 1። በምድብ ያገኙት አይታሰብላቸውም፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ይህን የመጨረሻውን ነገር እኔ ልቀበለው አልቻልኩም። ሞሮኮ አሁን ናይጄሪያን አሸንፋ እንደገና ልትጫወት ነው? አዎ፣ እንደገና።

ተጫወቱም፤ 2 ለ 1 አሸነፈች። ግብፅንም እንዲሁ 2 ለ 1። ጊኒ ከናይጄሪያ 1 ለ 1 ወጥታ ግብፅን 4 ለ 2 ረታች። ኢትዮጵያ የለችም። ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፋ፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጥታ በ3 ነጥብ ከምድቡ ወድቃለች። በገዛ አገራችን፣ በገዛ ሰዋችን ፕሬዚዳንትነት። አቶ ይድነቃቸው ለአዘጋጁ የሚያደላ ደንብ ሊያስጽፉ ይችሉ እንደነበር የሚያጉረመርም ሰው በዚያ ሰሞን ሐረርም ውስጥ አይጠፋም ነበር። በ1954ቱ ውድድር አዘጋጁ በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ጀምሯል። በ1968ቱ ግን አዘጋጁም እንደማንኛውም ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ወደቀ።

መጋቢት 5 ቀን የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ሞሮኮ 4 ነጥብ አላት፤ ጊኒ 3። ጊኒ ካሸነፈች 5 ሆና ዋንጫው የእርሷ ነው። ሞሮኮን አቻ ይበቃታል። ስለዚህ በስም ፍጻሜ ያልሆነው ጨዋታ በግብሩ ፍጻሜ ሆነ፤ አንድ ልዩነት ግን አለው፤ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆነው አልጀመሩም። እኛ ሐረር በሬዲዮ ነበር የምንሰማው። በ33ኛው ደቂቃ ሸሪፍ ሱሌይማን ለጊኒ አገባ። ከዚያ ጊዜው እየነጎደ ሄደ። ሊያልቅ 4 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ባባ የሚሉት አህመድ ማክሩህ ለሞሮኮ አገባ። 1 ለ 1። ጭማሪ ሰዓት የለም፣ ፍጹም ቅጣት ምት የለም። ሞሮኮ በ5 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነች፤ ጊኒ በ4 ሁለተኛ።

ጊኒ በዚያ ውድድር 6 ጨዋታ ተጫውታ አንዱንም አልተሸነፈችም። ሦስት አሸነፈች፣ ሦስት አቻ ወጣች። እስከ ዛሬም ዋንጫውን አላነሳችም። ፍጻሜ የሚባል ቢኖር ኖሮ 1 ለ 1 ሲሆን ተጨማሪ 30 ደቂቃ ነበራት። በሌላ በኩል ሞሮኮም በ6 ጨዋታ አልተሸነፈችም፤ አራቱን አሸንፋለች። ማን ይበልጥ ይገባዋል ብትሉኝ ሞሮኮ እላለሁ። ኢትዮጵያ በሁለት ጨዋታ ከወሰደችው ዋንጫ ይልቅ ሞሮኮ በስድስት የወሰደችው ይከብዳል፤ ሐረር ውስጥ ይህን ስል ወዳጆቼ ይቆጡኛል። ፍትሐዊ መሆኑን ግን ተመልካች አይወድለትም። ሰው የሚፈልገው ሁለቱም ከዜሮ ጀምረው አንደኛው የሚወድቅበትን ቀን ነው። ኮንፌዴሬሽኑም ይህንኑ ተረድቶ ይመስለኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጋና ላይ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ተመለሱ። የአዲስ አበባው ዓይነት አራት ቡድን የሚጫወትበት የመጨረሻ ዙር ከዚያ ወዲህ አልታየም።

ውድድሩ ካለቀ ከ4 ወር በኋላ፣ በዚያው በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ፊፋ ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አስወጣ። ካርቱም ላይ ከተጀመረ 19 ዓመት ሆኖታል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አቶ ይድነቃቸውን የሚያሳስባቸው ሌላ ሒሳብ ነበር። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መጉረፍ ጀምረዋል። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦች ሁለት ተጫዋች ብቻ ማሰለፍ ይችላል የሚል ደንብ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነበር። ዓላማው በአገር ውስጥ የሚጫወተውን ማበረታታት ነው። አፍሪካ ለአውሮፓ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ እንዳትሆን ይሰጉ ነበር፤ በቡናና በካካዎ የሆነው በእግርም እንዳይሆን። ደንቡ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ቀረ። ይህኛውን ሙግት ተሸነፉ ማለት ይቻላል። እኔ በዚህ ላይ ከእርሳቸው ጋር አልስማማም፤ ውጭ ሄዶ ዕድሉን የሞከረን ልጅ ከአገሩ ቡድን ማስቀረት ቅጣት ነው የሚመስለኝ። ነገር ግን ዛሬ ሐረር ውስጥ የአውሮፓ ክለብ ማሊያ ለብሶ የአገሩን ሊግ ቡድኖች ስም የማያውቅ ልጅ ሳይ ስጋታቸው ምን እንደነበር ይገባኛል።

የውድድሩ መለያያም በእርሳቸው ዘመን ተለወጠ። የ1974ቱ የሊቢያና የጋና ፍጻሜ ከ1 ለ 1 በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት 7 ለ 6 በጋና አሸናፊነት አለቀ። በ1978 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ግብፅና ካሜሩን 0 ለ 0 ወጥተው ግብፅ 5 ለ 4 አሸነፈች። ከዕጣ ይሻላል፣ ተደግሞ ከመጫወት ይፈጥናል፣ ከነጥብ ድምር ደግሞ ልብ ያንጠለጥላል። በጀጎል ደንብ ግን ሪጎሬ የሚገኘው ሦስት ኮርና ከተሠራበት በኋላ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸው ነበር። የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ነው የሞቱት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተመልሳ፣ በ1996 በገዛ አገሯ ጥቁርና ነጭ በተቀላቀለበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አላዩም። አፍሪካ በ48 ቡድኖች ለሚካሄደው የ2026 የዓለም ዋንጫ 9 ቀጥተኛ ቦታ ማግኘቷንም እንዲሁ።

እርሳቸው በሞቱ በ7ኛው ወር፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም.፣ ቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ላይ ተካሄደ። 8 ቡድኖች በሁለት ምድብ ተጫወቱ፤ ከየምድቡ ሁለት ሁለት አለፉ፤ በፍጻሜው ካሜሩን ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸነፈች። በመንበራቸው ላይም ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ተቀመጡ፤ ለ29 ዓመታትም ቆዩበት።